ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሞተር ዘይት ታሪክ በወልቂጤና በቡታጅራ መንገድ

ዛሬ ስለ ዘይት ልናወራ ነው። አትደንግጡ፣ ስለ ምግብ ዘይት አይደለም፤ የእሱ ነገር ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። የምናወራው ስለ ሞተር ዘይት ነው። «ታሪክ እንጽፋለን ብላችሁ ጋራዥ ወሰዳችሁን?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡን። ጋራዥ ውስጥም ታሪክ አለ።

ነገሩን ከመስቀል እንጀምረው።

እኛ በአባታችን የወልቂጤ፣ በእናታችን የቡታጅራ ልጆች ነን። ስለዚህ መስቀል ሲደርስ ቤታችን ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ በጂማ መንገድ፣ ግማሹ በቡታጅራ መንገድ ይሄዳል። አዲስ አበባ ያለ ጉራጌ መስቀልን አገሩ ገብቶ ካላከበረ አዲሱ ዓመት የገባለት አይመስለውም። በዚያ ሰሞን ለእናት ጋቢው ይገዛል፣ ለልጆች ልብሱ ይገዛል፣ የበሬው መዋጮ ይሰበሰባል። ሁሉም ነገር ይታሰባል። የሚረሳ ነገር ቢኖር አንድ ነው፦ የመኪናው ዘይት።

አንድ ዓመት አጎታችንም ረሱት። እውነቱን ለመናገር አልረሱትም፣ አስተላለፉት። ከዕቁብና ከዘመድ በተሰበሰበ ብር የገዟት ሚኒባስ ነበረቻቸው። ዘይት መቀየሪያዋ ካለፈ ሰንብቷል። ግን በዓል ሰሞን መኪና ግማሽ ቀን ማቆም ማለት የግማሽ ቀን ገቢ ማጣት ነው። «ከመስቀል መልስ እቀይረዋለሁ» አሉ። እኛን ዘመዶቻቸውንና ሌላ ተሳፋሪ ጭነው በጠዋት ተነሱ። ቲያን አልፈን ወደ ቡኢ ስንቃረብ ሾፌሩ ፊት ለፊት ካሉት መብራቶች አንዷ በራች። ታውቋታላችሁ አይደል? ቀይ ናት፣ ጀበና ትመስላለች፣ ከአፏ አንድ ጠብታ ይወርዳል። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ቡና ደርሷል» ብላ አሳቀችን። አጎታችንም ሳቁ፤ «ቡታጅራ ድረስ ታደርሰናለች» አሉ።

አላደረሰችንም። ኬላን ሳናልፍ ከሞተሩ ውስጥ በመዶሻ የሚመታ የሚመስል ድምፅ መጣ። ከዚያ ድምፁም ጠፋ። ሞተሩ ነከሰ። መስቀልን መንገድ ዳር ቆመን በሌሎች መኪና እየተለመንን ገባን፤ ሚኒባሷ ደግሞ ተጎትታ ቡታጅራ ደረሰች። በማግስቱ መካኒኩ ከሥር ገብቶ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ሲፈታ ምንም ነገር ወዲያው አልወረደም። ቆይቶ ቆይቶ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ተንዠረገገ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዘይት አይደለም፣ ሬንጅ ነው። መቼ ነው የቀየሩት?»

አጎታችን መልስ አልሰጡም። ከዚያ በኋላ የሆነውን መኪና ያለው ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። ሞተሩ ወረደ፣ ኮሎው ቶርኖ ቤት ገባ፣ ብሮንዙ፣ ፋሻው፣ ፒስተኑ ተዘረዘረ። ዕዳው ዕቁቡን በላው። ሚኒባሷ በዓመቱ ተሸጠች። አጎታችን ዛሬም ሾፌር ናቸው፤ የሚነዱት ግን የሰው መኪና ነው።

እኛ ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለን። አጎታችን ሰነፍ አይደሉም፣ አባካኝም አይደሉም። ታዲያ ለማግኘት ዓመታት የፈጀን ነገር፣ ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ግማሽ ቀን እንዴት በዛብን? «እኛ ሐበሾች መግዛት እንጂ መያዝ አናውቅበትም» የሚባለው እውነት ነው? ታሪክን ስናገላብጥ ያገኘነው መልስ ትንሽ ገረመን።

ምጣዱና ጉሎው

መልሱን ፍለጋ የጀመርነው ከአያታችን ማድ ቤት ነው። አያታችን መኪና ነድተው አያውቁም። ግን ቅባት የሌለው ነገር ምን እንደሚሆን ከየትኛውም መካኒክ በፊት ያውቁ ነበር። አዲስ ምጣድ ሲገዛ ዝም ተብሎ አይጋገርበትም፤ በቅባት እህል ይሟሻል። ከዚያም በኋላ በየመሀሉ በጎመን ዘር ወይም በጉሎ በማሰሻ ካልታሰሰ እንጀራው ይይዛል፣ ምጣዱም ይበላሻል። «ዛሬ ይለፈኝ፣ ከመስቀል መልስ አስሰዋለሁ» የሚል ባለሙያ የለም።

ይህ ጉሎ የሚባለው ተክል ደግሞ ዝም ብሎ የጓሮ ተክል እንዳይመስላችሁ። ቻርልስ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1899 የማሽን ቅባት የሚሸጥ ድርጅት አቋቋመ። መኪናና አውሮፕላን ሲመጡ ሞተራቸው በጣም የሚግልና በጣም የሚፈጥን ሆነ። መፍትሔው የተገኘው የጉሎ ዘይት በመጨመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 ገበያ ላይ የዋለው ዘይት ስሙን «ካስትሮል» ያገኘው ከጉሎ የእንግሊዝኛ ስም ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ አውሮፕላኖች የበረሩት በጉሎ ዘይት ነበር። ማለትም ያ በአያታችን ምጣድ ላይ የሚታሸው ፍሬና ያ በአውሮፕላን ሞተር ውስጥ የፈላው ዘይት የአንድ እናት ልጆች ናቸው!

አዲስ መኪና የገዛ ሰው «ሮዳጅ ላይ ነው፣ አትሩጥበት» ሲባል ሰምታችኋል? አዲስ ሞተር ውስጥ ያሉት ብረቶች ገና እርስ በርስ እየተላመዱ ስለሆነ ደቃቅ የብረት ብናኝ ይወጣቸዋል። ለዚህ ነው በተለይ በድሮዎቹ መኪናዎች የመጀመሪያው ዘይት ቶሎ የሚቀየረው። ሮዳጅ ማለት በቀጥታ በማድ ቤት ቋንቋ ሲነገር ማሟሸት ነው።

መኪናዋ ስትመጣ

ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን መኪና ያመጣው በዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ እንደሆነ ይታወቃል። ሲድሊ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ ተነስቶ መንገድ በሌለበት በረሃና ተራራ፣ ቦታ ቦታ ላይ በሰው ጉልበት እያስጎተተ፣ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለአፄ ምኒልክ አደረሰ። ባቡሩ ያኔ ከድሬዳዋ ገና አላለፈም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለአዲስ ነገር ያላቸውን ጉጉት የማያውቅ የለም፤ መኪናዋ ላይ ለመውጣት አላመነቱም።

እኛን ያሳሰበን ግን ሌላ ነገር ነው። መኪናዋ ብቻዋን ልትመጣ አትችልም። ቤንዚኑ፣ ጎማው፣ ዘይቱ አብሮ መምጣት አለበት። በቅሎ ሣር አግኝታ ታድራለች፤ መኪና ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ቀለብ አላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ አገራችን የማታመርተውን ነገር በየጊዜው ለመቀየር ቃል ገባች ማለት ነው። ቃሉን ግን ያኔ ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረውም።

በነገራችን ላይ የዚያ ዘመን መኪናዎች ዘይት የሚጠጡት እንደ ጉድ ነበር። የፎርድ ታዋቂዋ ሞዴል ቲ የዘይት ፓምፕም ፊልትሮም አልነበራትም፤ ዘይቱ ከታች እየተረጨ ነበር ብረቱን የሚደርሰው። ስለዚህ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ በሄደች ቁጥር ዘይቷ ይቀየር ነበር። የመኪና ዘይት ማጣሪያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የዘይት ታሪክ በሙሉ ያንን ርቀት የማራዘም ታሪክ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ጣሊያን፣ መንገዱና ቃላቱ

ወልቂጤ የመንገድ ልጅ ናት። አዲስ አበባን ከጂማ የሚያገናኘውን የመኪና መንገድ የሠሩት ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ። ዓላማቸው ወታደር ለማመላለስ፣ ቡና ለመጫን እንጂ ለእኛ አዝነው አልነበረም። ይሁንና ወራሪው ሲባረር መንገዱ ቀረ። ከመንገዱ ጋር ሁለት ነገር ተከትሎ ቀረ፦ አሮጌ የጭነት መኪናዎችና ቃላት።

አሮጌዎቹን ትሬንታ ኳትሮዎች አባቶቻችን ያስታውሷቸዋል። ቃላቱን ደግሞ እኛም በየቀኑ እንጠቀምባቸዋለን። ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ያለ ማንኛውም ጋራዥ ግቡና አዳምጡ፦ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሺኔታ፣ ቡሎን፣ ፊልትሮ፣ ግራሶ፣ ላቫጆ። ወረቀቱም ቢሆን ከጣሊያን አልዳነም፦ ሊብሬ፣ ታርጋ፣ ቦሎ። ሮም ሄዶ የማያውቅ የአሥራ ስድስት ዓመት የጋራዥ ልጅ ሙሉ ቀን ጣሊያንኛ ሲያወራ ይውላል!

በዚህ ሁሉ መሀል ግን አንድ ቃል አልተሸነፈም። ዘይትን ማንም «ኦሊዮ» ብሎ አይጠራውም። ዘይት ዘይት ሆኖ ቀረ። ቃሉ በግዕዝ ወይራን የሚያመለክት ጥንታዊ ቃል ነው፤ ለመብራት፣ ለቅብዓት፣ ለምጣድ ስንጠራው የኖርን ነው። ካምቢዮን አናውቀውም ነበር፣ ስለዚህ ከነስሙ ወሰድነው። ቅባትን ግን እናውቀው ነበር። የረሳነው ስሙን ሳይሆን ሥራውን ነው።

መንገዱም ይቀየርልኝ አለ

ከነፃነት በኋላ ጣሊያን የተወው መንገድ ምን ሆነ መሰላችሁ? ከአጎታችን ሚኒባስ ጋር አንድ ሆነ። የሚጠግነው ጠፋ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ እየቦረቦረው፣ ድልድዩ እየተጎዳ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1950 የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹን ብድሮች ሲሰጥ አንዱ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ነበር፤ ዋናው ሥራም አዲስ መንገድ መቅደድ ሳይሆን የተበላሸውን መመለስ። ሕዝቡ «አውራ ጎዳና» እያለ የሚጠራው ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ልብ በሉ፣ የዘመናዊ መንገድ ታሪካችን አንድ ትልቅ ምዕራፍ የተከፈተው በግንባታ ሳይሆን በጥገና ነው። ሳይቀየር ያለፈ ዘይት ዋጋው ሞተር እንደሆነ ሁሉ፣ ሳይጠገን ያለፈ ጉድጓድ ዋጋው ብድር ሆነ።

ትምህርቱ ግን ዘግይቶም ቢሆን ገብቷል። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ሲቋቋም ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ነዳጅ የሚቀዳ ሁሉ ለመንገድ ጥገና የሚሆን ትንሽ ትንሽ ይከፍላል። ማለትም መንገዱ ራሱ መደበኛ የዘይት ቅያሪ በጀት ተመደበለት!

ጀፎረና ሊስትሮው

እስካሁን ያወራነው መንግሥትና ጣሊያን ስለሠሩት መንገድ ነው። ጉራጌ ግን አስፋልት ከማየቱ በፊት መንገድ ነበረው። ጀፎረ ይባላል። ሰባት ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፦ ሰፊ፣ አረንጓዴ ሣር የለበሰ፣ ግራና ቀኙ ላይ ቤትና እንሰት የተሰለፈበት የመንደር ጎዳና። ሠርጉ እዚያ ነው፣ ለቅሶው እዚያ ነው፣ የፈረስ ጉግሱ እዚያ ነው፣ ከብቱም ልጁም የሚውለው እዚያ ነው። ጀፎረ ከትውልድ ትውልድ ስፋቱን ይዞ የቆየው ሣሩ ተአምረኛ ስለሆነ አይደለም። ባህላዊው ሕግ ስለሚጠብቀው ነው። አጥሩን ገፍቶ ጀፎረ የነካ ሰው በሽማግሌ ፊት ይቆማል፣ ይቀጣል፣ አጥሩን ይመልሳል። ጥበቃው የአንድ ቀን ዘመቻ አይደለም፤ የሁልጊዜ ነው።

ከዚህ ባህል የወጡ ሰዎች አዲስ አበባ ገብተው ሊስትሮ ሆኑ፣ ተሸካሚ ሆኑ፣ መርካቶ ሱቅ ከፈቱ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ ተሰብስበው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቋሙ። ገጠሩን ከዋናው አውራ ጎዳና የሚያገናኝ መንገድ ለመሥራት ሀብታሙም ነጋዴ፣ ጫማ ጠራጊውም ልጅ እንደ አቅሙ አዋጣ። በዚያው ዘመን ከዓለምገና ተነስቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ሶዶ የሚወስደውን መንገድ ለማሠራት ሌላ ማኅበርም ተቋቁሞ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? የጉራጌው ድርጅት ቆይቶ ወደ ራስ አገዝ ልማት ድርጅትነት አደገ፤ መንገድ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤትም መሥራት ያዘ። የቡታጅራው መንገድ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አስፋልት ለበሰ።

እንግዲህ እስኪ አስቡት። የዚያ መንገድ የመጀመሪያ ብሮች የወጡት ጫማ ከጠረጉ እጆች ነው። ጫማ መጥረግ ምንድን ነው? የቆዳ ቅባት መቀየር አይደለም እንዴ! አቧራውን ታነሣለህ፣ ቀለሙን ትቀባለህ፣ ታሸዋለህ፤ ነገ እንደገና። ያ ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ አያልቅም። መንገዱን የሠሩልን ሰዎች በመንከባከብ እንጀራቸውን የበሉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ «ሐበሻ መያዝ አያውቅበትም» የሚለው ነገር ለእኛ አልዋጥልን አለ። መያዝ እናውቅበታለን። ለምጣዱ፣ ለጫማው፣ ለጀፎረው አውቀንበት ኖረናል። ለሞተሩ ስንደርስ ነው ያቃተን።

ለምን ይሆን? እኛ እንደሚመስለን ምክንያቱ አንድ ነው። ምጣዱ ሲይዝ ወዲያው ይታያል። ጀፎረው ሲገፋ መንደሩ ሁሉ ያየዋል። የሞተር ዘይት ግን ጨለማ ውስጥ ነው ያለው። ሲበላሽ ማንም አያይም፣ ማንም ሽማግሌ አይጠይቅም። የሚጠይቅ ከተገኘም ያቺ ጀበና የመሰለች መብራት ናት፤ እሷ ስትመጣ ደግሞ ነገሩ አልቋል።

አምስት ሺሁ ከየት መጣ?

ጨለማው ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደሆነ በአጭሩ እናውራ። አንድ ሞተር በደቂቃ 2,500 ጊዜ ይዞራል እንበል። ከአዲስ አበባ ቡታጅራ ሁለት ሰዓት ተኩል ብትነዱ እያንዳንዱ ፒስተን 375,000 ጊዜ ወጥቶ ወርዷል ማለት ነው። በፒስተኑና በግድግዳው መሀል ያለው ነገር ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዘይቱ ብረቱን ከብረት ይለያል፣ ሙቀት ተሸክሞ ይወጣል፣ ጥላሸቱን ያጥባል፣ በፒስተኑ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ይዘጋል፣ ዝገት ይከላከላል። አምስት ሥራ በአንድ ደመወዝ!

ይህን ሲሠራ ግን ራሱ ያረጃል። ጥላሸት ይጠጣል፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ ይቀላቀለዋል፣ በሙቀት ብዛት ይወፍራል፣ የተጨመሩበት መድኃኒቶች ያልቃሉ። ፊልትሮው ሲሞላ ደግሞ ያልተጣራ ዘይት ማሳለፍ ይጀምራል። ዘይት ጠቁሮ ማየት ብቻውን አያስፈራም፤ ጠቆረ ማለት እያጠበ ነው ማለትም ነው። የሚያስፈራው ጠቁሮ፣ ወፍሮ፣ ጎድሎ ዝም ሲባል ነው።

«በየ5,000 ኪሎ ሜትር» የሚለው ነገር ከሰማይ የወረደ ትእዛዝ አይደለም። ዛሬ በሲንተቲክ ዘይት 10,000 እና ከዚያም በላይ የሚሄዱ መኪናዎች አሉ። ግን የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ የገለጠ ሰው «ከባድ አጠቃቀም» የሚል ክፍል ያገኛል፦ አቧራ፣ ዳገት፣ ከባድ ጭነት፣ አጭር አጭር ጉዞ፣ በሙቀት ውስጥ ቆሞ መሥራት። ከዚያ የቡታጅራን የገበያ ቀን አስቡ፤ ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር የሚገባውን አይሱዙ አስቡ። ወይም ከወልቂጤ ተነስቶ ወደ ጂማ የሚሄደውን ጭነት አስቡ፤ ከ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ ጊቤ በረሃ 1,100 ሜትር አካባቢ ወርዶ፣ በሙቀቱ ውስጥ እንደገና ዳገት ይወጣል። የከተሞቻችን ባጃጆችም አሉ፤ ቀኑን ሙሉ ቆም ተነሳ ነው፣ ሞተራቸው ትንሽ፣ የሚይዙት ዘይትም ትንሽ። መጽሐፉ «ከባድ» የሚለው ለእኛ አዘቦት ነው። ስለዚህ 5,000 ለብዙዎቻችን መኪና የፈሪ ቁጥር አይደለም።

ቆርቆሮው ላይ ያሉት ፊደላትና ቁጥሮችም ለጌጥ አልተጻፉም። «15 ደብልዩ 40» ሲል የመጀመሪያው ቁጥር በብርድ፣ ሁለተኛው በሙቀት ዘይቱ ምን ያህል እንደሚወፍር ይናገራል። ከፍ ያለ ቁጥር ማለት የተሻለ ዘይት ማለት አይደለም፤ የሚሻለው መኪናችሁ የጠየቀው ነው። ደግሞ ከገበያው ዋጋ በጣም የረከሰ ዘይት ስታገኙ ከመደሰታችሁ በፊት ክዳኑን እዩት። የድሮ ቆርቆሮ በድሮ ዘይት ሞልቶ የሚሸጥ እንዳለ ጋራዥ የሚውል ሁሉ ያወራል። ባዶ ቆርቆሮ በእኛ አገር ሙያው ብዙ ነው፤ ኩራዝም መለኪያም ይሆናል። ተመልሶ የዘይት ቆርቆሮ ሲሆን ግን ጥያቄ ያስነሣል።

የተቃጠለው የት ይገባል?

ከሞተር የወጣውን ዘይት «የተቃጠለ ዘይት» እንለዋለን። ብዙ ቤት ውስጥ ለአጥርና ለምሰሶ እንጨት ይቀባል፣ ምስጥ እንዳይበላው። ይህም የመንከባከብ ዘዴ ነው፣ አንስቅበትም። የተረፈው ግን ብዙ ጊዜ ቦይ ውስጥ ይደፋል። ውስጡ ከሞተሩ የተፋቀ ብረትና ሌላም መርዝ ስላለ የደፋነው ቦታ አይቀርም። ወልቂጤ የተደፋው ዝናብ ሲጥል ወደ ዋቤ ይሄዳል፤ ዋቤ ወደ ጊቤ፣ ጊቤ ወደ ኦሞ። ከቡታጅራ በላይ ካለው ተራራ የሚወርደው ውሃ ደግሞ ወደ መቂና ወደ ዝዋይ ይወርዳል። ያ ውሃ የሚጠጣ፣ መስኖ የሚጠለፍበት ነው። በጄሪካን ጠብቆ ለሚሰበስብ መስጠት ከባድ ሥራ አይደለም። ጀፎረ ላይ አጥር መግፋት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ወንዝ ላይ ዘይት መድፋት ምን ሊባል ነው?

ኤሌክትሪኩ ሲመጣ

«ይህን ሁሉ የምትሉት አሮጌ ወሬ ነው፤ አሁን እኮ የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይቀየርለትም። ያቺ ጀበናም የለችበትም። (ቡናችን ቀረ!)

ግን ሁለት ነገር እንበል። አንደኛ፣ ዛሬ በወልቂጤና በቡታጅራ መንገድ የሚመላለሰው ሚኒባስ፣ አይሱዙና ባጃጅ በአንድ ሌሊት አይጠፋም። እንዲያውም አዲስ መግባቱ ሲከብድ ያለው ይበልጥ ይከበራል፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ መለዋወጫ የገዛ ሰው ይህን ይመሰክርልናል። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪኩም መኪና ቢሆን ፍሬን፣ ጎማ፣ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ የጥርስ ዘይት አለው። ባትሪውም ጠባቂ ይፈልጋል። የሚቀየረው ነገር ይለወጥ ይሆናል እንጂ መንከባከብ አይቀርም።

ደግሞ መብራቱ ከየት ነው የሚመጣው? በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀው የጊቤ ሦስት ግድብ ጭምር ነው፤ 1,870 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው። ያ ግድብ የቆመው ኦሞ ላይ ነው፤ ዋቤም ውሃውን የሚያስገባው እዚያው ነው። ማለትም ወልቂጤ ላይ ዘይት የሚደፋበት ቦይ ውሃ ነገ መኪናውን ሊያስነሣ የሚችል ውሃ ነው።

እንግዲህ...

አጎታችንን ባለፈው መስቀል አገኘናቸው። የሚነዷት የሰው ሚኒባስ ደጃፋችን ቆማ ነበር። በጠዋት ተነስተው፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ መሬቱ ሜዳ የሆነበት ቦታ አቁመዋት የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘው በጨርቅ ጠረጉት፣ መልሰው ከተቱት፣ እንደገና መዘዙት፣ ወደ ብርሃን አዞረው አዩት። ከሾፌሩ በር ጎን አንድ ካርቶን ተለጥፏል፤ ዘይት የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር፣ ከሥሩ ደግሞ የሚቀጥለው በእስክሪብቶ ተጽፎበታል።

«የሰው መኪና ናት» አሉን፣ ስናያቸው አይተው። «የራሴ በነበረችበት ጊዜ እንዲህ ባደርግ ኖሮ...» ብለው ሳይጨርሱት ኮፈኑን ዘጉት።

አያታችን ከማድ ቤት ሆነው ይህን ሰሙ። ምጣዱን እያሰሱ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ» አሉ፣ ከምጣዱ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ መኪና ያላችሁ ዛሬ ማታ ዘንጉን መዘዝ አድርጋችሁ እዩት። መኪና የሌላችሁ ደግሞ የአባታችሁን፣ የአጎታችሁን፣ የምትሳፈሩበትን ሚኒባስ ሾፌር አንድ ጊዜ ጠይቁ፦ «ጋሼ፣ ዘይት መቼ ነው የቀየሩት?» ጥያቄዋ ትንሽ ናት። እኛ ግን ያን ቀን ቡኢ ሳንደርስ በሳቅ ፋንታ ብንጠይቃት ኖሮ፣ ያቺ ሚኒባስ ዛሬም የአጎታችን ነበረች።

ቸር እንሰንብት!